ከድባቴ በኋላ ወደ ሥራ ለመመለስ የኮምፒውተር የጭንቅላት ልምምድ የጠቀመው ሰው አለ? (እስከ መልስ 41 የተባለው)

አወያያችን የመጀመሪያውን ፖስት አድሺው ስላለኝ ነው ይሄን የምጽፈው። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ከላይ ያለውን ብቻ አንብቦ መልስ 3 ላይ ያለቀውን ነገር መልሶ ይጠይቃል፣ 3 ደግሞ ይናደዳል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ። ስለዚህ በዚህ ክር (ውይይት) ማን ስንተኛው መልስ ላይ ምን እንዳለ በራሴ አፍ ላውራላችሁ፣ ሰዎቹንም በመልሳቸው ቁጥር ነው የምጠራቸው። የማንንም ጽሑፍ ቃል በቃል አልገለበጥኩም፣ አጣመምሽብኝ የሚል ታች ይጻፍልኝ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት እንዲህ ነበር። አካውንታንት ነኝ፣ አዲስ አበባ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ። ህዳር ላይ ታምሜ ቤት ዋልኩ፣ ዶክተሩ ድባቴ ነው አለኝ፣ መድኃኒት ጀመርኩ፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ ከባለሙያ ጋር ቁጭ ብዬ አወራለሁ። አሁን ሚያዝያ ገባ። እንቅልፌ ተመልሷል፣ እህል መቅመስ ጀምሬያለሁ፣ ያ ያለ ምክንያት የሚመጣው ልቅሶ ቆሟል፣ ቤተሰቡ ዳነች ብሎ ቡና ጠጥቶብኛል። ጭንቅላቴ ግን አብሮ አልመጣም። አንድ ኢሜይል ሦስቴ አንብቤ ምን እንደሚል አላውቅም፣ ሽሮ ጥጄ ሳሎን ከገባሁ መጣዴን እረሳለሁ (ሁለት ድስት አቃጥያለሁ)፣ ይባስ ብሎ አንድ ቀን ላፕቶፕ ከፍቼ የባንክ ሪኮንሲሌሽን (የባንኩን ስቴትመንት ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ማመሳከር) ልሞክር ስል ዓይኔን ከስቴትመንቱ ወደ ፒችትሪ፣ ወደ ሂሳብ ሶፍትዌሩ፣ እስካዞር ድረስ ቁጥሩ ከጭንቅላቴ ይጠፋል፣ ስድስት አሃዝ እኮ ነው፣ ድሮ የቼክ ቁጥር በቃሌ የምይዝ ሰው ነበርኩ። ዳላስ ያለችው እህቴ ይሄን ስትሰማ አንድ የጭንቅላት ማሰልጠኛ አፕ በራሷ ካርድ አስመዝግባ ላከችልኝ፣ መጀመሪያው ነጻ ነው ከዚያ በዶላር ይቆርጣል። የሕመም ፈቃዴ ሊያልቅ ስለሆነ፣ በዚህ ነገር ተለማምዶ ወደ ሥራው የተመለሰ ሰው አለ ወይ ነው ጥያቄው። በዚያው ላይ ድርጅቱ ግማሽ ደመወዜን ከጊዜው በፊት አቋረጠብኝ ብዬ ትንሽ አማርሬ ነበር፣ እሱን መልስ 6 ያስተካክልልኛል።

1 ወዲያው መጣ። እሱ ሲጠቀምበት ሦስት ወር ሆኖታል፣ ስኮሩ እጥፍ ሆኗል፣ ግዢው ላይ አትሳሺ ነው ምክሩ። ስኮርህ እጥፍ ሲሆን ሥራህ ላይ ምን ተቀየረ ብዬ ብጠይቀው እስከ ዛሬ አልመለሰም።

2 የሳይካትሪ ነርስ ነች፣ ክሩ ውስጥ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ የቆየች ሰው ብትኖር እሷ ነች። የኔ ነገር እብደትም ስንፍናም እንዳልሆነ፣ ድባቴ ሲለቅ ስሜቱ ቀድሞ እንደሚመለስ፣ ትኩረትና ፍጥነት እንዲሁም የማስታወስ ነገር ግን ብዙ ሰው ላይ ወደ ኋላ እንደሚቀር በሰላም አስረዳችኝ። ክሊኒክ የሚሞላው ያ 9 ጥያቄ ያለው ቅጽ ላይ አንዱ ጥያቄ ራሱ ሐሳብ ስለመሰብሰብ ነው አለች። አፑን ከመግዛትሽ በፊት ግን ታይሮይድሽን (የአንገት ዕጢውን)፣ ደም ማነስና ቫይታሚን ቢ12 ታይተሻል ወይ፣ መድኃኒትሽ የትኛው ነው፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉት እኮ ራሳቸው ያደነዝዛሉ፣ ሐኪምሽን ጠይቂ ብላ ጨመረች። ይሄን ያህል ዶክተር ጋ ተመላልሼ ታይሮይድ የሚል ቃል ከማንም አልሰማሁም ነበር።

3 ላይ አየሩ ተቀየረ። ቀጥታ ሌቦች ናቸው ብሎ ጀመረ። ሉሞሲቲ የሚባለውን የዚህ ዓይነት ጌም የሚሸጠውን ኩባንያ የአሜሪካው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጥር 2016 በፈረንጆቹ 2 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል፣ ጌማችን ሥራና ትምህርት ላይ ያሻሽላል፣ የእርጅናን መርሳት ያዘገያል ብሎ ያስተዋወቀው ማስረጃ የሌለው ሆኖ ስለተገኘ። እህትሽ ብሯን ቤት ኪራይ ትክፈልበት አለ። የእህቴን ቤት ኪራይ ምን አገባው?

4 በእሱ ላይ ደረበ። ቢቢሲ ከተመራማሪዎች ጋር ያሠራው፣ በ2010 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ 11,430 ሰው ስድስት ሳምንት በኮምፒውተር ተለማምዶ ሁሉም የተለማመደው ጌም ላይ ጎበዘ፣ ወደ ሌላ ነገር ግን የተሻገረ የለም። ዳማ የሚጫወት ሰው ዳማ ላይ ይጎብዛል እንጂ እንጀራ መጋገር አይችልም ዓይነት ነገር ነው የጻፈው። ጥሩ አባባል ነበር፣ ያው በኋላ ለገበጣው ጦርነት በር የከፈተው እሱ ነው።

5 ሁለቱንም አረመ፣ በጨዋ ደንብ። የቢቢሲዎቹ ሰዎች ጤነኛ ተመልካቾች ናቸው፣ ጠያቂዋ ደግሞ ከበሽታ የተነሳች ሰው ናት፣ ያልጎደለውን መሙላትን የጎደለውን ከመመለስ ጋር አታምታቱ ነው ነጥቡ። ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ላይ በዕጣ ተከፍለው የተሠሩ 9 ሙከራዎችን አንድ ላይ አድርጎ ያየ ሥራ በ2016 ወጥቷል፣ ትኩረት ተሻሽሏል፣ ቁጥር ወይም ነገር ለአፍታ በጭንቅላት ይዞ የመሥራት ችሎታ ተሻሽሏል፣ የቀን ተቀን ኑሮም እንደዚያው። ቃላትን ማስታወስ ላይ ግን፣ ደግሞም ማቀድና ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መዞር ላይ ለውጥ አልታየም። እንግዲህ አስቡት፣ የኔ ስድስት አሃዝ ከሚሻሻለው ወገን ነው፣ የወር መጨረሻ ቫትና ፔይሮል አንድ ላይ ሲመጡ የትኛውን ላስቀድም የሚለው ደግሞ ከማይሻሻለው። ግማሽ ደስ አለኝ።

6 የሕግ ባለሙያ ነው፣ አጭርና ደረቅ። በአዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ 6 ወር ነው፣ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ደመወዝ። ግማሹ ሦስት ወር ነው ብዬ የጻፍኩት ስህተት ነበር፣ ድርጅቱ አልበደለኝም። አካውንታንት ሆኜ ይሄን መሳሳቴ ያሳፍራል ግን እኮ ክሩን የከፈትኩት ለዚሁ ነው።

7 ነው ሐሳቤን የቀየረው። ፍራንክፈርት ያለ ልጅ ነው፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ በስካነር እየለየ የሚያሽግ። እሱም በድባቴ ሰባት ወር ቤት ውሏል። ሪሃብ (ማገገሚያ) ክሊኒክ ሲገባ ሬሃኮም በሚባል ማግደቡርግ ላይ በሚሠራ ሶፍትዌር አሠልጥነውታል፣ ከሱም ውስጥ ዝርዝር ይዞ ሱፐርማርኬት የሚገዛበት ነበረው። እሱ እንደሚለው ጌሙ ራሱ ምንም አይደለም፣ ዋናው ጎኑ የተቀመጠችው ቴራፒስት ነች። ሲሳሳት እያየች እዚህ ጋ የተሳሳትከው ቸኩለህ ነው ወይስ ረስተህ፣ መጋዘን ውስጥ እንዲህ የሚሆንብህ መቼ ነው ትለዋለች፣ ከዚያ መፍትሔውን ለመጋዘኑ ያወጣሉ፣ ለምሳሌ የመደርደሪያውን ቁጥር ድምፁን አውጥቶ ማለት። ሥራም በአንዴ ሙሉ ቀን አልገባም። የሃምቡርግ ሞዴል የሚሉት አለ፣ መጀመሪያ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስድስት እያሉ ሐኪሙና አሠሪው ተስማምተው ያሳድጉታል፣ በዚያ ጊዜ ሁሉ እንደ ታማሚ ስለሚቆጠር ገንዘቡን የሚከፍለው የጤና መድኅኑ ነው። ጀርመን አሠሪው የሚከፍለው የመጀመሪያዎቹን 6 ሳምንታት ነው፣ ከዚያ መድኅኑ ለአንድ በሽታ በሦስት ዓመት ውስጥ፣ እነዚያን 6 ሳምንታት ጨምሮ፣ እስከ 78 ሳምንት ድረስ ይሸፍናል። ይሄን ሳነብ የእኔን ስድስት ወር ቆጥሬ ዝም አልኩ።

8 ያ ነገር አዲስ አበባ የት ይገኛል ብላ ጠየቀች፣ እስካሁን ማንም ክሊኒክ ጠቁሞ አልመለሰላትም። የምታውቁ ብትጽፉላት።

9 ደግሞ እናት ናቸው መሰለኝ፣ ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። ኮምፒውተሩን ተዪው፣ እንጦጦ ማርያም ሄደሽ ተጠመቂ፣ መንፈስ ነው፣ መድኃኒቱም ያደክምሻል ትተሽው ሂጂ የሚል ነገር ነው። 10 ላይ አንዱ ተነስቶ በጣም ባለጌ መልስ ሰጣቸው፣ ሰው የምትገድሉት እናንተ ናችሁ አላቸው። ስለ መድኃኒቱ የተናገረው ልክ ነበር፣ አነጋገሩ ግን እናቱን የሚናገር ይመስላል ወይ? 11 ባይገቡ ክሩ እዚያ ይዘጋ ነበር። ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሆነዋል። እሳቸውም በወጣትነታቸው ታመው አማኑኤል ሆስፒታል ተኝተዋል፣ ጠበልም ተጠምቀዋል፣ ኪኒናውንም አላቋረጡም፣ ሁለቱ እኮ አይጣሉም አሉ። ለ9ኟ እህቴ ብለው፣ ለ10 ደግሞ ልጄ ብለው መለሱና ሁለቱንም አስታረቁ። 10 ይቅርታ ጠየቀ። 9 ግን ተመልሰው አልመጡም፣ ቅር ብሏቸው ይሆናል።

አባባ ያኔ ወደ ባንክ ሲመለሱ እንዴት እንዳደረጉ ነው የተረኩት። ኮምፒውተር የለም፣ አለቃቸው ለሁለት ሳምንት ገንዘብ እንዳይነኩ አደረገ፣ የተዘጉ አሮጌ መዝገቦች ሰጥቶ ድምሩን እንደገና ሥራው አላቸው። ቢሳሳቱም የሚጎዳ ሰው የለም። ማታ ማታ ደግሞ ከጎረቤታቸው ጋር ገበጣ ይጫወታሉ፣ ጠጠሩ የት እንደሚያልቅ ሳያነሱ በዓይን መቁጠር ጭንቅላታቸውን እንዳሾለው ነው የሚያምኑት። 12፣ 13፣ 14፣ 15 በሙሉ ገበጣና ዳማ ናቸው፣ የትኛው ይበልጣል፣ የወሎ ገበጣ ሕጉ ምንድነው፣ ንጉሥ የሆነች ዳማ ወደ ኋላ ትበላለች አትበላም። ከዚህ አልገባም።

16 አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ልጅ ናት፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ሥራ ማስገባት ነው ሥራዋ። 7 ያለውን በሌላ መንገድ አጠናከረችው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኒው ሃምፕሻየር ላይ የተጀመረ አሠራር አለ፣ ሰውየው መጀመሪያ እስኪዘጋጅ አይጠበቅም፣ ራሱ የሚፈልገው እውነተኛ ሥራ ይፈለግለትና እዚያው እየሠራ ይደገፋል። በኋላ ሱዛን መክገርክ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በዚያ ላይ የኮምፒውተር ልምምድ ጨመረችበት፣ ኮግፓክ በሚባል ሶፍትዌር 24 ክፍለ ጊዜ ገደማ፣ ግን ልምምዱን የሚመራው ሰው ከሥራ አገናኙ ጋር ቁጭ ብሎ ይሄ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል ሥራው ላይ እንዲህ እናድርግለት ይባባላሉ። ይሄ በዋናነት የተሞከረው ከባድ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ስለሆነ ለድባቴ በቀጥታ አትቁጠሪው ብላም አስጠነቀቀችኝ፣ ይሄ ታማኝነቷ ደስ አለኝ። ከዚያ እዚያ ያሉ አበሾች ስለ ፈቃድ ጥያቄ አዘነቡባት፣ እሷም 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ የሚሰጠው ሕግ 50 ሠራተኛ ላለው ድርጅት እንደሆነ፣ ሥራው ለሕመሙ እንዲመቻች ግን 15 ሠራተኛ ካለ ጀምሮ መጠየቅ እንደሚቻል መለሰች። ለዚህም ነው ትንሽ ሱቅ ወይም ሬስቶራንት የሚሠራው ወገን ከሁለቱም የሚወድቀው።

17 ይሄ ሁሉ የሚሆነው ለአለቃ ከተነገረ ነው፣ ማን ይናገራል ታዲያ ብሎ አመጣው። እሱ ለድርጅቱ የጨጓራ ሕመም ነው ብሎ ነው የተመለሰው። 18 ላይ የመጣው ሰው ድብርት የሀብታም በሽታ ነው፣ ገጠር ያለ ገበሬ ድብርት ያዘኝ ብሎ ሞፈር ሲሰቅል አይታችኋል ወይ አለ። 19 ገጠር አድጋ ሞፈር የሰቀለ አጎት እንዳላት፣ ሰው ሰነፈ ብሎ ሚስቱ ጥላው እንደሄደች፣ በመጨረሻ የሆነውን ጻፈችለት። 18 አልመለሰም። አወያዩ ሊያጠፋው ነበር፣ እኔ ነኝ ይቆይ ያልኩት፣ 19ን ያለ እሱ ማንበብ ስለማይቻል።

20 የኔ ነው፣ ምስጋና። 21 ድብርት ሳይሆን ድባቴ በሉ የሚል የቋንቋ ሰው፣ ድብርት እሁድ ከሰዓት የሚይዝ ነው ድባቴ ደግሞ በሽታው ነው ባይ ነው፣ እውነቱን ነው።

22 ግን ማንም ያላሰበውን አነሳ። ፕሮግራመር ነው። እነዚህ አፖች ቃላት አሳይተው አስታውሺ የሚሉት በእንግሊዝኛ ነው፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው ላይ የሚለካው ማስታወሱን ሳይሆን እንግሊዝኛውን ነው፣ ፍጥነትም እንደዚያው፣ ስለዚህ ስኮርሽ ዝቅ ሲል አትደንግጪ፣ የሥዕልና የቁጥር የሆኑትን ብቻ ምረጪ አለኝ። እኔ እኮ የቃል ጌሙ ላይ ከመቶው ሰው ስንተኛ እንደሆንኩ አይቼ አንድ ሌሊት ሙሉ አልተኛሁም ነበር! በአማርኛ ልሥራው ወይ ሲል 23 እና 24 ተመዘገቡለት፣ 25 ደግሞ ዳታ የሚበላ ከሆነ ተወው አለ።

26 ዱዋል ኤን ባክ የሚባለውን፣ ድምፅና ቦታ አንድ ላይ እየያዙ ወደ ኋላ የሚቆጥሩበትን፣ ሠርቶ አይኪው ጨምሬያለሁ የሚል ጉረኛ ነው። 5 ተመልሶ መጣና ያ ወሬ የተነሳው ከአንድ የ2008 ጥናት እንደሆነ፣ በኋላ ሲደገም ግን ብዙዎቹ እንዳላገኙት፣ እንዲያውም በ2014 ወደ 70 የሚሆኑ ሳይንቲስቶች የጭንቅላት ጌም ማስታወቂያ ተጋኗል ብለው ፈርመው ሲያወጡ፣ በዚያው ዓመት ከመቶ የሚበልጡ ሌሎች ደግሞ ጥቅሙን እንዲሁ አትካዱት ብለው መልሰው እንደፈረሙ ነገረው። 3 ይሄን ሲያይ አላልኳችሁም ወይ ብሎ እንደገና ፎከረ፣ ሁለተኛውን ፊርማ ግን ያላየ መሰለ። ከ27 እስከ 30 የእነሱ ነው፣ 29 ላይ ስድብ አለበት።

31 ላይ ሄጄ የሞከርኩትን ጻፍኩ። አፑን ሁለት ሳምንት ሠራሁት፣ በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ስኮሬ ወጣ፣ ፒችትሪ ስከፍት ግን ያው ነኝ። ከዚያ የአባባን ዘዴና የፍራንክፈርቱን ቀላቀልኩት። ያለፈው ዓመት የተዘጋ የባንክ ስቴትመንት ቤት ነበረኝ፣ እሱን አውጥቼ ሪኮንሲሌሽኑን ከባዶ ጀመርኩ። ስልኬ ላይ 25 ደቂቃ ሞልቼ፣ ቁጥሩን ድምፄን አውጥቼ እያልኩ፣ ያቆምኩበትን መስመር በእርሳስ እያሰመርኩ። ታናሽ ወንድሜ ጎኔ ቁጭ ብሎ ስሳሳት ደቂቃውን ይጽፋል። ሦስተኛ ቀን ላይ ነው የገባኝ፣ የምሳሳተው ቁጥሩ ከብዶኝ ሳይሆን ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ነው፣ ሁልጊዜ፣ እዚያው ቦታ። አፑ ይሄን ሊነግረኝ አይችልም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጌም ሁለት ደቂቃ ነው። አሁን አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ እነሳና ውኃ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ዘጠነኛ ቀን ደግሞ መጋቢት ወር ላይ የ4,350 ብር ልዩነት አገኘሁ፣ አምና ራሴው የዘጋሁት ወር ላይ። ጤነኛ ሆኜ ያለፈኝን ታምሜ አገኘሁት ማለት ነው፣ ሳቄ መጣ።

32 ይሄ ሥራ እንጂ ልምምድ አይደለም ብሎ ሙያዊ ክርክር ከፈተ፣ 33 ልዩነቱ ምንድነው አለው። ነርሷ 34 ላይ ተመልሳ በዚህ ደስ ብሎሽ መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታቋርጪ፣ ያደነዘዘሽ ከመሰለሽ ሐኪምሽ ይቀይርልሽ አለች። ታይሮይዴን ተመርምሬያለሁ፣ ደህና ነው። ደሜ ግን አንሷል፣ የብረት ኪኒን ተሰጥቶኛል፣ እንግዲህ የትኛው እንደሚሠራ ማን ያውቃል።

35 የሰው ሀብት ክፍል የሚሠራ ሰው ነው። ሕመሙን መዘርዘር ሳያስፈልግ የሐኪም ማስረጃ አያይዘሽ ለሁለት ሳምንት ከጠዋት እስከ ምሳ ብቻ ልግባ ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ምላሹንም በጽሑፍ ተቀበዪ፣ ደግሞ የምትመለሽበትን ቀን ከሰኔ 30 መዝጊያ አርቂው አለኝ። ይሄ የመጨረሻው ከሁሉም የተሻለ ምክር ነው፣ አካውንታንት የሆነ ያውቀዋል። ጠየቅኩ፣ የጠዋቱ ተፈቀደልኝ፣ የከሰዓቱ አይከፈልም፣ ቫትም መጀመሪያ ወር ላይ ሌላ ልጅ ትይዘዋለች። ሰኞ ነው የምገባው። 36፣ 37፣ 38 እንኳን ደስ አለሽ ናቸው፣ አባባ 38 ላይ እርሳሴን እንዳልረሳ መርቀውኛል።

39 አዲስ የገባ ልጅ የትኛው አፕ ይሻላል ብሎ ጠየቀ። 40 የ3 መልስ ነው፣ ታውቁታላችሁ።

41 እህቴ ናት። ክሩን ሊንኩን ልኬላት ነበር፣ ሁሉንም አንብባ ከገበጣውም ሳይቀር ካለፈች በኋላ፣ ነጻው ጊዜ አልፎ የአንድ ዓመት ሙሉ ክፍያ ከካርዷ እንደተቆረጠ፣ በሰባት ቀን ውስጥ ከተሰረዘ እንደሚመለስ፣ ገብቼ እንድሰርዘው በሕዝብ ፊት ጠየቀችኝ። ልሰርዘው ገብቼ ነበር፣ ፓስወርዱ ጠፍቶብኛል።